ግማሽ አበባ ያለባት ሰይቸንቶ

ባለፈው ሳምንት የተበላሸች ሬዲዮኔን ይዤ ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ጠጋኙ ለሬዲዮኔ ቦታ ሲያመቻች ከጠረጴዛው ሥር አንድ የድሮ የኮምፒውተር ስክሪን ጎትቶ አወጣ፤ እነዚያን ጀርባቸው የተቆዘረ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳቸውን ዓይነት። «አባባ፣ ይሄ ጉድ ይሠራ ይሆን?» ብሎ እየሳቀ ሶኬቱን ሰካው። ስክሪኑ እንደ ወባ ትንኝ ሲጥ አለ፤ መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ በራች፤ ከዚያ ውስጡ ለዓመታት የተኛው አቧራ መጋል ሲጀምር ያ ሽታ መጣ። የተለበለበ ፀጉር የሚመስል፣ ግን ደግሞ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ሽታ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ጠጋኙ ደንግጦ ወንበር ሳበልኝና «ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለኝ። «የለብኝም፤ ዝም ብዬ ነው» አልኩት። ዝም ብዬ አልነበረም። ያ ሽታ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ ዛሬም ድረስ ለማንም በቅጡ ማስረዳት ያልቻልኩትን ነገር አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ቀለበት መንገዱ ገና አልተሠራም። ኢምፔሪያል ጋ ቆሞ ወደ ገርጂ የሚያይ ሰው ሣርና ጭቃ፣ አልፎ አልፎም ግንቡ ተጀምሮ የቀረ ቤት ያያል፤ በስተቀኝ የረር ተራራ ምንም ሳይጋርደው ቁጭ ብሏል። ታክሲ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ማኪያቶ አንድ ብር ከሃያ አምስት፤ ትኩስ ሳምቡሳ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሃምሳ ሳንቲም፣ ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ ሸሚዝ የሚያበላሽ። ጎረምሳው ሁሉ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሰፊ ጂንስ ታጥቆ በሱሪው ጫፍ መንገድ ይጠርጋል። ካሴት ቤቱ አዲስ ካሴት በወጣ ቁጥር ድምፅ ማጉያውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል፤ እኛም አምስት ሳንቲም ሳናወጣ ግጥሙን በቃላችን እንይዘዋለን። እኔ ከዳቦ ቤት በላይ በነበረ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አስተማሪ ነበርኩ። ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ የሚሠሩት አራቱ ናቸው። አቧራ ኮምፒውተር ይገድላል ይባል ስለነበር ተማሪው ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነበር የሚገባው። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ከሥር የሚመጣውን ዳቦ ይሸታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንን የጋለ አቧራ።

ሰይድን ያወቅሁት እዚያ ነው። ሰይድ ይማም የእኔ እኩያ፣ በዚያው ሠፈር መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ ረጃጅም የሆኑ ልጅ ነበር። የራሱ ብስክሌት እንኳ የለውም፤ ግን ለመኪና ያለው ፍቅር ሌላ ነው። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ቁጭ እንዳለ «ይሄ ላዳ ነው፤ አንዷ ካንዴላ አትነሳም» ይላል፤ ዞር ብለህ ስታይ ላዳ እየተንተፋተፈ ያልፋል። ኮምፒውተር ሊማር መጣ፤ ኮርሱን ሲጨርስም መምጣቱን አልተወም። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ትምህርት ስለሌለ ክፍሉ የእኛ ነበር። አንድ ዘመዴ ከዱባይ የመኪና ውድድር ጨዋታ በሲዲ ያመጣልኝ በዚያ ሰሞን ነው። ሰይድ ለሁለት ሳምንት እንደ እብድ ተጫወተውና በሦስተኛው እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «ተሾ» አለኝ፣ «እነዚህን መኪኖች ማን ነው የሚነዳቸው? አንዳቸውንም አላውቃቸውም እኮ።»

ስለዚህ የሚያውቃቸውን ሊያስገባ ተነሳ። ዛሬ ልጆቹ «ሞድ» ይሉታል፤ ያኔ ስም ስላልነበረው እኛ «ማልበስ» እንለው ነበር። የጨዋታውን ፋይሎች አንድ በአንድ ስንከፍት የእያንዳንዱ መኪና መልክ እንደ ተወጠረ የበግ ቆዳ በአንድ ሥዕል ላይ ተዘርግቶ አገኘነው፤ በሩ እዚህ፣ ጣሪያው እዚያ፣ የኋላ መብራቱ ጥግ ላይ። ሥዕሉን ቀይረህ መልሰህ ስታስቀምጠው መኪናው አዲሱን ልብስ ለብሶ ይመጣል። ቅርጹ ደግሞ በቁጥር የተጻፈ ነበር። ሰይድ በእርሳስ ደብተር ሙሉ ቁጥር እየጻፈ፣ አንዱን ሲቀንስ ሌላውን ሲጨምር፣ አፍንጫ ማሳጠርና ጣሪያ ማጉበጥ ቻለ። መጀመሪያ ሰማያዊና ነጭ ውይይት ታክሲ አስገባ። ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽና ዶሮ የታሰረበት! ቀጥሎ የከተማውን ማስታወቂያዎች አነሳና «ሥጋ ቤት»፣ «የወንዶች ፀጉር ቤት»፣ «ልብስ ስፌት» እያለ በአማርኛ ቀየራቸው። በመጨረሻ የጨዋታውን ተራራ አጥፍቶ የረርን አቆመው። ወሬው ፌርማታው ጋ ደረሰና ሾፌሮች ጫማቸውን እያወለቁ፣ ካልሲያቸው እየሸተተ፣ እየተሳሳቁ ይመጡ ጀመር። «ወይኔ የኔ መኪና! ግጨው፣ ግጨው!»

አንድ ነገር ብቻ እንቢ አለው፤ ሰው። በዚያ ጨዋታ ከተማ ሰው አልነበረም። ትራፊክ መብራቱ ይቀያየራል፤ መስኮቶቹ በርተዋል፤ እግረኛ ግን አንድም የለም። በመኪኖቹም ውስጥ የነጂው ቦታ ላይ የሚታየው አንድ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ ራስና ትከሻ፣ ፊት የሌለው። ከተማው ፈረንጅ ሳለ ይህ አይታወቀኝም ነበር። የአማርኛ ጽሑፉን ከለጠፍንበት በኋላ ግን ይከብደኝ ጀመር። የሰው አገር ባዶ ቢሆን ምን ግድ ይሰጥሃል? የራስህ ሠፈር፣ «ልብስ ስፌት» የሚል ጽሑፍ እያየህ፣ ባዶውን ሲሆን ግን ሁሉም ሰው አንድ ነገር ሰምቶ ወጥቶ የሄደ፣ አንተ ብቻ ሳትሰማ የቀረህ ይመስልሃል።

አንድ ቅዳሜ ሰይድ ከደረት ኪሱ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አወጣ። አንድ ሰውዬ እጁን ትንሽ መኪና ኮፈን ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከፀሐይ እየከለለ ቆሟል። መኪናዋ ሰይቸንቶ ናት፤ እነዚያ ከተማውን ሞልተውት የነበሩት፣ ሞተራቸው ከኋላ የሆነ ትንንሽ የድሮ ታክሲዎች። «አባቴ ነው» አለኝ። ነገሩን ሠፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ከራሱ አፍ ስሰማው ግን ያን ዕለት ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ በማይገባበት ጊዜ፣ ታክሲ ነጂው ይማም እንደ ልማዱ በጠዋት ወጣ። እሱም መኪናዋም እንደወጡ ቀሩ። ሰይድ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር። እናቱ እማማ ዘይነባ ያልጠየቁበት በር የለም። ከወሎ የመጡ ዘመዶች «አሁንስ እርም አውጪ፤ ሰደቃውን እናድርግ» ቢሏቸው «ጀናዛውን ሳላይ አላለቅስም» አሉ። ሱቃቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ሻሽና ነጠላ ጫማ እየሸጡ፣ ሳያገቡ፣ ቤት ሳይቀይሩ፣ ሃያ ዓመት ሆናቸው።

በዚያ ዓመት ደግሞ በቤታቸው ላይ መንገድ ሊያልፍ ነው ተባለ። ለጎረቤቶቹ ሌላ ቦታ ተሰጥቶ አንድ በአንድ መልቀቅ ጀመሩ። በግራም በቀኝም ያሉት ቤቶች ቆርቆሯቸው ተነቅሎ የእማማ ዘይነባ ቤት ብቻዋን ቀረች። «ይማም ቢመጣ የት ብሎ ያገኘኛል?» ይላሉ፤ ሌላ መልስ የላቸውም። ሽማግሌ ተላከ፤ ሰይድ ለመነ፤ አልተነቃነቁም። «ተሾ፣ መኪናዋን ሠርቼ ላሳያት ነው» አለኝ። «ያቺን መኪና አንድ ጊዜ ካየቻት ምናልባት ልቧ ይላቀቅ ይሆናል። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

ስድስት ሳምንት ፈጀበት። ፎቶው የመኪናዋን ፊትና ቀኝ ጎን ብቻ ነው የሚያሳየው። ያንን እያየ ሳላት፤ ኮፈኗ ላይ ያለችውን ጭረት እንኳ አልተዋትም። ከኋላ በኩል የሚያየው ነገር ስላልነበረው የሌሎች ሰይቸንቶዎችን ጀርባ እያየ በግምት ሠራው። አንድ እሑድ ከትከሻው በላይ ቆሜ ሳይ በግራው የኋላ መብራት ላይ አንድ ነገር አየሁ። መብራቱ እንደ ቀኙ አይደለም፤ ቀይነቱ ይለያል፤ ዙሪያው በጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች የተሰፋ ይመስላል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ነጫጭ ነጥቦች አሉ።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አበባ ነው። ግማሽ አበባ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«መኪና ላይ ምን አበባ አለ? ማን ነገረህ?»

እጁ ማውሱ ላይ ቆመ። የረሳውን ስም እንደሚፈልግ ሰው ጣሪያውን አየና «እንጃ፤ እንዲህ መሰለኝ» አለ።

እማማ ዘይነባን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት አመጣቸው። ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ዳርቻው በወርቅማ ክር የተጠለፈ ሻሻቸውን አስተካክለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰይድ መኪናዋን በፊት ለፊት አቁሟት ነበር። ሲያዩዋት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ያ ረቢ! ጭረቷ እንኳ አልቀረ። በዚህ በኩል እኮ ነው የማሽላ ከረጢት የጫነባት፣ አትችልም ብዬው እምቢ ብሎ።» ሳቁ። ሰይድም ሳቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ሻይ ላዝ ልወጣ ስል ሰይድ ቁልፉን ተጫነና መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። በጨዋታው መኪናህን የምታያት ከኋላዋ ሆነህ ነው። ሰይቸንቶዋ ጀርባዋን ሰጥታን በባዶው መንገድ፣ በ«ሥጋ ቤት» በኩል አልፋ፣ ወደ የረር አቅጣጫ መሄድ ጀመረች። ሳቁ ጠፋ።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አሉ እማማ ዘይነባ።

«ጨዋታው ሰው የለውም እማ።»

«ማን ነው የሚነዳት ታዲያ?»

«እኔ ነኝ፤ ይኸው በዚህ ቁልፍ።»

«አንተንማ አየሁህ። ውስጥ ያለውን ነው የምጠይቅህ።»

ሰይድ ቁልፉን እንደተጫነ ቀረ። እኔም ያንን ጥቁር ጥላ በመቶ መኪና ላይ መቶ ጊዜ አይቼው፣ ያን ቅዳሜ ግን ዓይኔን ከሱ አሸሸሁ። እማማ ዘይነባ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፤ ጣታቸውን ዘርግተው መስታወቱን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም።

«ይሄ ምንድን ነው? መብራቷን ለምን ሰበርከው?»

«እንዲህ አልነበረችም?»

«አልነበረችም! የወጣ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ፣ አንተን አዝዬ፣ እስክትታጠፍ ድረስ ጀርባዋን እያየሁ ነው የሸኘሁት። ሁለቱም መብራት ደህና ነበር። ዓይኔን ስጨፍን የማየው ጀርባዋን ነው፤ እኔን አታስተምረኝ። አጥፋው።» ፊታቸውን ከስክሪኑ አዞሩ። «አጥፋው ልጄ፤ ደስ አይልም።»

እያዩት አጠፋው። ጤነኛ ቀይ መብራት ሳለበት፤ አስቀመጠው፤ ከፈተው፤ ጠፍቷል። እሳቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ እሑድ ኮምፒውተሩን ስንከፍተው ግማሹ አበባ ቦታው ላይ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሳቅሁበት። «ሁለት ቅጂ ይኖራል፤ አንዱን ለቅርብ፣ አንዱን ለሩቅ» ብዬ ፈለግሁ፤ እውነትም ሁለት ነበሩ። ሁለቱንም በእጄ ቀየርኩ። ቅዳሜ ስንመጣ ተመልሷል። በሦስተኛው ፋይሎቹን በፍሎፒ ገልብጬ ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋኋቸውና ንጹሕ የሆኑትን መለስኩ፤ የክፍሉንም ቁልፍ ይዤ ቤቴ ሄድኩ። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰይድ አጠገቤ ቆሞ፣ ስክሪኑ ሲጥ ብሎ በራ፤ ያ ሽታ መጣ፤ ሰይቸንቶዋም ያንኑ ግማሽ አበባ ይዛ ብቅ አለች። ከሥር የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ሲሳሳቁ ይሰማል። ሰይድ «ሁለተኛ አልነካውም» አለ። እኔም እሺ አልኩ። ምክንያት ቢኖረኝ ኖሮ ያን ዕለት እነግረው ነበር፤ ዛሬም ለናንተ እነግራችሁ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሾፌሮቹ ጋር አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ጋሽ ንጉሤ ይባላሉ። ቦሌ ሚካኤል ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ላሜራ እየቀጠቀጡ ያረጁ፣ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ሾፌሮቹ ሰይቸንቶ አለች ሲሏቸው ሊያዩ ነው የመጡት። ሰይድ ነዳላቸው። እሳቸው ሳይስቁ ወደ ስክሪኑ አጎንብሰው አዩና «ይቺን የት አገኛችኋት?» አሉ።

«እኔ ነኝ የሠራኋት ጋሼ» አለ ሰይድ።

«እሱማ ገባኝ። በጆግ የተጠገነችውን የት አይተሃት ነው የምልህ?»

«የምን ጆግ?» አልኩ እኔ።

«ያ የኋላ መብራት የፕላስቲክ ጆግ ቁራጭ ነው፤ አበባ ያለበት። ቡልቡላ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ናት። ዕቃዋን ልገዛው ሄጄ ባጥር ያባረረኝ! 'አደራ ነው' ብሎ አንድ ብሎን አልሸጥልህ አለኝ። ስንት ዓመቱ።» ቀና ብለው ሰይድን አዩት። «ምነው ልጄ? ምን አልኩ?»

ሰይድ ጋሽ ንጉሤን ከዚያ በፊት አይቷቸው አያውቅም። ሠፈሩ አንድ ነውና ምናልባት በልጅነቱ ሲያወሩ ሰምቶ ይሆናል ብዬ በኋላ ብዙ ጠየቅኋቸው። ያንን ታሪክ ለማንም እንዳላወሩት ማሉልኝ፤ ተባርሮ መመለስ ምኑ ይወራል?

በማግሥቱ ጠዋት ሦስታችን ሄድን፤ ለእማማ ዘይነባ ምንም አልነገርንም። ያኔ ቡልቡላ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ የሚጀምር ሌላ ዓለም ነበር። የጤፍ አጨዳ ሰሞን ነበርና ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ አውሮፕላን በራሳችን ላይ ሲያልፍ ጥላው እርሻውን አቋርጦ ይሮጣል። የገበሬው ስም ኦቦ ቱሉ ነው፤ ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ። ጋሽ ንጉሤን ሲያዩ ፊታቸው ተኮሳተረ። «መኪናዋ አትሸጥም ብዬሃለሁ።»

«ለመግዛት አይደለም ኦቦ» አለ ሰይድ። «ለማየት ነው። አንዴ ብቻ።»

ከቤቱ ጀርባ፣ በጭድ ክምርና በአጥሩ መካከል፣ በሰሌን ተሸፍና ነበር። ኦቦ ቱሉ ሰሌኑን ሲገልጡት ዶሮዎች ተንጫጭተው በመስኮቷ ወጡ። ጎማዎቿ መሬት ገብተዋል፤ ሰማያዊው ቀለም ደብዝዟል፤ ታርጋ የላትም። ሰይድ ፊቷን አላየም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላዋ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። በግራው መብራት ላይ፣ በቀጭን ሽቦ የተሰፋ ቀይ ፕላስቲክ። ጥጉ ላይ ግማሽ ነጭ አበባ፤ ሦስት ቅጠል። ሰይድ የሳለው ሦስት ቅጠል ነበር። እዚያው ጭዱ ላይ ቁጭ አለ።

ኦቦ ቱሉ ለረጅም ጊዜ አዩት። «የሱ ነህ» አሉ በመጨረሻ። «ጣትህ የሱ ነው።»

ከዚያ ነገሩን። ይማም የመጣው በማለዳ ነው፤ ሁለት ተማሪ የሚመስሉ ልጆች ይዞ፣ ወንድና ሴት። የልጅቷ እግር ይደማ ነበር። መኪናዋን ለመደበቅ ወደ ኋላ ሲያስገባት የግቢው የድንጋይ ካብ የግራ መብራቷን ሰበረው። እስኪመሽ ድረስ ተደብቀው ዋሉ። «እጁ ሥራ ካልያዘ አይችልም» አሉ ኦቦ ቱሉ። «የሚስቴ ጆግ ተሰብሮ ወድቆ አየና ስጡኝ አለ። ቢላ በእሳት አግሎ ቆረጠው፤ ሰፋው። ልጅቷ እያየችው ሳቀች፤ እግሯ እንዲያ ሆኖ።» ሲመሽ ታርጋውን ፈትቶ፣ ቁልፉን ሰጥቷቸው፣ ልጆቹን በእግር ወደ አቃቂ ሊያሻግር ሄደ። ሐሙስ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ አደራ አለ። ረቡዕ ከብት ጠባቂዎች ወንዙ ዳር አገኙት። ልጆቹ አብረውት አልነበሩም፤ ይድኑ አይዳኑ ያወቀ የለም። ኦቦ ቱሉና ወንድማቸው አመጡት። ኪሱ ውስጥ የመስበሓ መቁጠሪያ ስላገኙ ከገበያው አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ጠርተው አጥበውና ሰግደውበት ቀበሩት። «ማንን እጠይቃለሁ? ያን ጊዜ መጠየቅ ራሱ ሞት ነው። በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጠይቅ? ታርጋ የለም። መኪናው የሰው አደራ ነው፤ ሰው ባይመጣም የሰው ነው።»

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። ገብተው የተቆረጠ ቀይ ጆግ ይዘው ወጡ፤ የሽንብራ ዘር ያስቀምጡበታል። ዘሩን በነጠላቸው ገልብጠው ለሰይድ ሰጡት። የጆጉ ጠርዝ ላይ የአበባው ሌላ ግማሽ ነበር፤ ሁለት ቅጠል።

መብራቷ የተሰበረው ይማም ከቤቱ ከወጣ በኋላ ነው። ጥገናውን ከቤተሰቡ ያየ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ይህን ነገር በየት በኩል እንደምይዘው ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አላወቅሁም። ሰይድን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁት፤ «እኔ አይደለሁም የሳልኩት ተሾ» አለኝና ወሬ ቀየረ። ጨዋታውን ዳግም አልከፈተውም። ለመኪና ያለው ፍቅር ግን አልጠፋም፤ ዛሬ ገርጂ ውስጥ ስመ ጥር ጋራዥ አለው። የእናቱ ቤት ፈረሰ፤ በላዩ ላይ መንገድ አለፈበት፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ በሚኒባስ ተቀምጬ በጓዳቸው ላይ አልፌያለሁ። የኦቦ ቱሉ ማሳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ ልብስ የተሰጣባቸው በረንዳዎች ሞልተውታል። ከዚያ በፊት ግን ሰይድ የአባቱን አጥንት አንስቶ ወደ ሙስሊም መቃብር አዛውሮታል።

ከሁሉም የማይወጣልኝ እማማ ዘይነባን ይዘናቸው የሄድንበት ቀን ነው። ሰይድ ከኦቦ ቱሉ የሰማነውን ሁሉ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። መኪናዋን አዩ፤ መብራቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት፤ አለፉ። መቃብሩ ማሳው መካከል፣ አንዲት ግራር ሥር ነበር፤ ድንጋይ ተከቦበታል። ዙሪያው ታርሶ፣ በሬ ተዟዙሮ፣ ያቺ ቦታ ብቻ ሃያ ዓመት ማረሻ አልነካትም። እማማ ዘይነባ ቆሙ። አላለቀሱም። ሰይድ ክንዳቸውን ይዞ ፊታቸውን ያያል፤ ነፋሱ የጤፉን ነዶ ያንሿሿዋል። እሳቸው እዚያ ድንጋይ ሥር ማን እንደተኛ ገና ያላመኑ ይመስሉ ነበር፤ እኔም እንደዚሁ ዝም ብለው ተመልሰው ያንኑ ብቻውን የቆመ ቤት ይጠብቃሉ ብዬ ፈራሁ።

ኦቦ ቱሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠጋ አሉ።

«እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔና ሚስቴ 'ባለመኪናው' ነው የምንለው። ስንጸልይለትም እንዲያ ነው። ስሙ ማን ነው?»

እማማ ዘይነባ ወደ ድንጋዩ አዩ፤ ወደ ኦቦ ቱሉ አዩ።

«ይማም» አሉ። «ይማም ሙሔ ይባላል።»

ሻሻቸውን ከራሳቸው ሳብ አድርገው ወደ መሬቱ ዝቅ አሉ፤ ጉልበታቸው አፈሩን ነካ።

«ይባል ነበር።»